ስታዲየም አካባቢ ራግቢ የሚታይበት ቤት፣ ከነራግቢ ዓለም ዋንጫው የምድብ ኤፍ ክርክሩ

መሃል አዲስ አበባ ላይ ራግቢ የሚያሳይ ቤት ፈልጋችሁ ላጣችሁ፣ ስታዲየም አካባቢ አንድ አለ። ሂዱ። ዲኤስቲቪ ቤት በየሰፈሩ ሞልቷል፤ ግን አብዛኛው ቅዳሜና እሁድ የእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ ካለ ሌላ ነገር አይከፍትም። ራግቢ ክፈቱልን ስትሉ ወይ «ማን ያየዋል?» ትባላላችሁ፣ ወይ ጥግ ላይ ባለች ትንሽ ቴሌቪዥን ድምፁ ጠፍቶ ይከፈትላችኋል። እዚህ ቤት ትልቁ ስክሪን የራግቢ ነው። ድምፁም የራግቢ ነው። እግር ኳስ የፈለገ ሰው በረንዳ ወጥቶ ትንሿን ያያል።

ቤቱን ለማግኘት ከስታዲየም ባቡር ጣቢያ ወርዳችሁ ወደ ለገሃር አቅጣጫ ትንሽ ሄዳችሁ ከዋናው መንገድ ገባ ማለት ነው። በሩ ላይ ታፔላ የለም። መንገዱ ሲሠራ ተነስቶ እስካሁን አልተሰቀለም። አካባቢው ላይ ያለውን ባለሱቅ ወይ ሊስትሮ «ራግቢ የሚያሳየው ቤት» ብትሉት ያደርሳችኋል። ከውጭ ጠባብ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ሰፊ ነው፣ ጣሪያውም ከፍ ያለ ስለሆነ ሰው ሲሞላ አያፍንም።

ባለቤቱን ሁሉም ሰው ጋሼ ነው የሚላቸው። ደቡብ አፍሪካ ብዙ ዓመት ኖረዋል፤ ጆሃንስበርግ ውስጥ ጄፒ የሚባለው የሐበሻ መነገጃ ሰፈር ሱቅ ነበራቸው። ራግቢን የለመዱት እዚያ ነው። ደንበኛውም በአብዛኛው እንደዚሁ ነው። ከደቡብ አፍሪካ የተመለሱ ልጆች አሉ፣ ብዙዎቹ የሆሳዕና አካባቢ ልጆች ናቸው። ከኢሲኤ (የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን) ሥራ ወጥተው በእግራቸው የሚመጡ ኬንያውያንና ዚምባብዌያውያን አሉ። እንደኔ ደግሞ ከአዲስ አበባ ሳይወጡ በቴሌቪዥን አይተው የወደዱት አሉ። አማርኛ፣ ሀዲይሳና እንግሊዝኛ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀላቀላል፣ ማንም ግን ከጨዋታው ውጭ ሆኖ አይቀርም።

ይህንን ቤት ከሌላው የሚለየው ማብራሪያው ነው። ራግቢ ለአዲስ ሰው ከባድ ነው። ዳኛው ያፏጫል፣ ለምን እንዳፏጨ አይገባችሁም፤ ሰው በሰው ላይ ተከምሮ ኳሱ የት እንዳለ አይታይም። ጋሼ ግድግዳው ላይ ነጭ ሰሌዳ ሰቅለዋል። ጨዋታው እየሄደ አይናገሩም፣ ይሄንን በጣም ነው የማከብረው፤ ሰው እያየ ጆሮው ላይ የሚጮህ ባለቤት ያለበት ቤት አይቻለሁና። እረፍት ላይ ግን ተነስተው ስክረሙን (የሁለቱ ቡድን ልጆች ተያይዘው የሚገፋፉበትን) ማን እንደጣለው፣ ፔናልቲው ለምን ወደ ጎል እንዳልተመታ፣ ሰባት ቁጥር የለበሰው ልጅ በየታክሉ (ኳስ የያዘ ሰው ተይዞ ሲጣል) ምን ሲሠራ እንደነበር እየሳሉ ያሳያሉ። ትራይ (ኳሱን ከተጋጣሚ የግብ መስመር አሳልፎ መሬት ማስነካት) 5፣ ከትራዩ በኋላ የሚመታው ኪክ 2፣ ፔናልቲና ድሮፕ ጎል (በጨዋታ መሃል ኳሱን መሬት አንጥሮ ወደ ጎል መምታት) 3 ነጥብ መሆኑ ሰሌዳው ጥግ ላይ ሁልጊዜ ተጽፎ ይቀመጣል። አንድ ምሽት ከጎናቸው የተቀመጠ ሰው ከዚያ በኋላ የራሱን አስተያየት መስጠት ይጀምራል።

በ2023ቱ የፈረንሳይ ዓለም ዋንጫ (ለራግቢ የምጠቅሳቸው ዓመቶች የፈረንጆቹ ናቸው፤ ከነቀናቸው የምጽፋቸው ግን በኛ አቆጣጠር ናቸው) ቤቱ ስም ያወጣው በምድብ ቢ ነበር። ደቡብ አፍሪካ፣ አየርላንድ፣ ስኮትላንድ፣ ቶንጋና ሮማኒያ። ዕጣው የወጣው ውድድሩ ሊጀመር ሦስት ዓመት ገደማ ሲቀረው ስለነበር፣ ሰዓቱ ሲደርስ በዓለም ደረጃ አንደኛ፣ ሁለተኛና አምስተኛ የነበሩት አንድ ምድብ ውስጥ ተገኙ። አየርላንድ ደቡብ አፍሪካን 13 ለ 8 ስታሸንፍ እዚህ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነበር የተጀመረው፣ ያለቀው እኩለ ሌሊት ነው፣ ማንም ወደ ቤቱ መሄድ አልፈለገም። ጋሼ ያን ምሽት ሰሌዳው ላይ የጻፉት አንድ ቁጥር ብቻ ነው፦ 11። ደቡብ አፍሪካ በእግር መትታ ያባከነችው ነጥብ ነው። «መቺ ካገኙ ዋንጫው የነሱ ነው» አሉ። መቺው ሃንድሬ ፖላርድ መጀመሪያ ከስብስቡ ውጭ ነበር፤ ማልኮልም ማርክስ ተጎድቶ ሲወጣ ተጠርቶ ከአየርላንዱ ጨዋታ በኋላ ሜዳ ገባ። ከዚያ ፈረንሳይን 29 ለ 28፣ እንግሊዝን 16 ለ 15፣ ኒውዚላንድን 12 ለ 11። ሦስቱም በአንድ ነጥብ። እንግሊዝን የጣለው ሊያልቅ ደቂቃዎች ሲቀሩ ፖላርድ ከሩቅ የመታው ፔናልቲ ነው። ስለዚህ ጋሼ ስለ አንድ ምድብ ሲናገሩ ሰው ጸጥ ብሎ ይሰማል፣ የሚቃወማቸው ሰው ግን ሞልቷል፣ እኔም አንዱ ነኝ።

አሁን ክርክሩ ሁሉ የ2027ቱ ነው። ዕጣው ኅዳር 24 ቀን 2018 ሲድኒ ላይ ወጣ። ውድድሩ አውስትራሊያ ውስጥ ነው፣ ቡድኖቹ ለመጀመሪያ ጊዜ 24 ሆነዋል፣ በስድስት ምድብ አራት አራት ተደልድለዋል። ምድብ ኤፍ ላይ የደረሱት እንግሊዝ፣ ዌልስ፣ ቶንጋና ዚምባብዌ ናቸው። ሌላ ቦታ ሰዉ ስለ ምድብ ኤ ያወራል፣ ኒውዚላንድና አዘጋጇ አውስትራሊያ አንድ ላይ ስለወደቁ። እዚህ ቤት ግን ዚምባብዌያውያኑ ስላሉ ሰሌዳው በምድብ ኤፍ ተይዟል። እኔም ከሁሉም ይልቅ ይሄኛው ነው የሚያስጨንቀኝ። የኒውዚላንድና የአውስትራሊያ ጥያቄ ማን አንደኛ ይሆናል ነው፣ ሁለቱም ማለፋቸው አይቀርም። ምድብ ኤፍ ውስጥ ግን ከሁለተኛ እስከ አራተኛ ያለው በሙሉ ገና አልተወሰነም።

ከእንግሊዝ ልጀምር። ስለ እንግሊዝ ቤቱ ውስጥ ብዙ ጭቅጭቅ የለም። በኅዳር 2025 አውስትራሊያን 25 ለ 7፣ ፊጂን 38 ለ 18፣ ኒውዚላንድን 33 ለ 19፣ አርጀንቲናን 27 ለ 23 አሸንፋ ተከታታይ ድሏን 11 አድርሳለች። አምበሉ ማሮ ኢቶጄ ነው፣ ወላጆቹ ናይጄሪያውያን ናቸው፣ ላይንአውት (ከዳር የሚወረወር ኳስ) ላይ የተጋጣሚን ኳስ ሲሰርቅ ቤቱ በጩኸት ይናወጣል። አሰልጣኙ ስቲቭ ቦርትዊክ ጠንካራዎቹን ተጫዋቾች ተቀያሪ ወንበር ላይ አስቀምጦ ከሃምሳኛው ደቂቃ በኋላ በአንድ ጊዜ የማስገባቱን ነገር ከደቡብ አፍሪካ ጥሩ አድርጎ ተምሯል። ተጋጣሚው ደክሞ ሳለ ትኩስ ጉልበት ይመጣበታል። አንደኛ ይወጣሉ ብዬ አምናለሁ።

አንድ የሚነሳ ነገር ግን አለ፣ 2015። ያኔ እንግሊዝ ራሷ አዘጋጅ ነበረች፣ ምድቡ ውስጥ አውስትራሊያ፣ ዌልስ፣ ፊጂና ኡራጓይ ነበሩ። እውነተኛ የሞት ምድብ። ዌልስ ትዊክነም ላይ 28 ለ 25 አሸነፈቻት። መጨረሻ ላይ እንግሊዝ ፔናልቲ አግኝታ ወደ ጎል መትታ አቻ መውጣት ስትችል አምበሉ ክሪስ ሮብሾ ኳሱን ወደ ጥግ አስመታ፣ ከላይንአውቱ ተገፍተው ከሜዳ ወጡ። ቀጥሎ አውስትራሊያ 33 ለ 13። ዋና አዘጋጅ የሆነች ሀገር ከምድብ ስትወድቅ ያ የመጀመሪያው ነው። በዓለም ዋንጫ እንግሊዝና ዌልስ ሦስት ጊዜ ነው የተገናኙት፣ ዌልስ በ1987 እና በ2015 አሸንፋለች፣ እንግሊዝ በ2003 ብቻ፣ ያን ዓመት ዋንጫውንም ወስዳለች። ይሄን ሲሰሙ ዌልስን የሚደግፉ ሁለት ሦስት ልጆች አንገታቸውን ቀና ያደርጋሉ።

ግን የዛሬዋ ዌልስ የ2015ቷ ዌልስ አይደለችም። በ2023 አውስትራሊያን 40 ለ 6 አሸንፋ ምድቧን በአንደኝነት የጨረሰች ቡድን በአርጀንቲና ከወደቀችበት ጨዋታ ጀምሮ 18 ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፈች። መጋቢት 2025 ላይ እንግሊዝ ካርዲፍ ድረስ ሄዳ 68 ለ 14 አሸንፋታለች። የሽንፈቱ ሰንሰለት የተበጠሰው በሐምሌ 2025 ጃፓንን ኮቤ ላይ 31 ለ 22 ስታሸንፍ ነው። አዲሱ አሰልጣኝ ስቲቭ ታንዲ ከመጣ ወዲህም አርጀንቲና 52፣ ኒውዚላንድ 52፣ ደቡብ አፍሪካ 73 ነጥብ አስቆጥረውባታል፣ የመጨረሻው 73 ለ 0 ነው። ያኛው ጨዋታ ክለቦች ተጫዋች የመልቀቅ ግዴታ ከሌለባቸው ቀኖች ላይ ስለነበር እንግሊዝ ውስጥ የሚጫወቱት ብዙ ልጆች አልነበሩም፣ እሱን መርሳት አግባብ አይደለም። ቢሆንም 73 ነው።

ጋሼ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው አቋማቸውን የሚይዙት። ቶንጋ ዌልስን ታሸንፋለች ይላሉ። መከራከሪያቸው ታሪክ ነው፤ ዌልስ ከፓሲፊክ ደሴቶች ቡድኖች ጋር ስትገናኝ ሁሌም ትቸገራለች። በ1991 ምዕራብ ሳሞአ 16 ለ 13፣ በ1999 ሳሞአ 38 ለ 31፣ ሁለቱም ካርዲፍ ላይ። በ2007 ፊጂ 38 ለ 34 አሸንፋ ከምድብ አስወጣቻት። በ2023ም ፊጂን 32 ለ 26 ያለፈችው የመጨረሻዋ ኳስ ከፊጂው ተጫዋች እጅ ስላመለጠች ነው። ከቶንጋ ጋር ራሷ በ2003 27 ለ 20 ነው ያለቀው፣ ሰፊ ልዩነት አይደለም። ጋሼ ይሄን ሁሉ ሰሌዳው ላይ ደርድረው «አሁን ማን ነው ዌልስ ታልፋለች የሚለኝ?» ሲሉ ክፍሉ ይናጋል።

እኔ ዌልስ ሁለተኛ ትወጣለች ባይ ነኝ። በጠባብ። ምክንያቴ ጊዜ ነው። ቶንጋ ከውድድሩ በፊት ተጫዋቾቿን ለረጅም ጊዜ አንድ ላይ ሰብስባ የማሰልጠን ዕድል አታገኝም፤ ልጆቹ ኒውዚላንድ፣ አውስትራሊያ፣ ጃፓን፣ ፈረንሳይና እንግሊዝ ተበትነው ነው የሚጫወቱት። የዌልስ ልጆች በየዓመቱ የካቲትና መጋቢት ላይ ስድስቱ ሀገራት ውድድር ላይ ከእንግሊዝ፣ ከአየርላንድና ከፈረንሳይ ጋር ይጫወታሉ። ይሸነፉም እንኳ በዚያ ፍጥነት መጫወት ይለምዳሉ። ታንዲ ደግሞ ከዚህ በፊት የስኮትላንድን መከላከል ያሠለጠነ ሰው ነው፣ የዌልስ ቀዳዳ ያለው እዚያው መከላከሉ ላይ ነው። ውድድሩ እስኪጀመር ዓመት ከምናምን አለው። ያንን ቀዳዳ ከደፈነ ቶንጋን በአስር ነጥብ ያህል ያሸንፋል። ካልደፈነ ጋሼ ትክክል ናቸው።

ቶንጋን አቅልሎ የሚያይ ሰው በ2011 የሆነውን ያስታውስ። አንድ መቶ ሺህ ገደማ ሕዝብ ያላት ደሴት ዌሊንግተን ላይ ፈረንሳይን 19 ለ 14 አሸነፈች፤ ያቺው ፈረንሳይ ያን ዓመት ፍጻሜ ደርሳ በኒውዚላንድ 8 ለ 7 ነው የተሸነፈችው። ከ2022 ወዲህ ደግሞ ሕጉ ተለውጧል። ለሌላ ሀገር የተጫወተ ሰው ሦስት ዓመት ከብሔራዊ ቡድን ከራቀ፣ ወደ ተወለደበት ወይም ወደ ወላጆቹና አያቶቹ ሀገር መዞር ይችላል። በ2023 ቻርልስ ፒዩታውና ማላካይ ፌኪቶአን የመሳሰሉ ለኒውዚላንድ ተጫውተው የነበሩ ሰዎች የቶንጋን ማልያ የለበሱት በዚህ ነው። ያም ሆኖ ያን ዓመት በአየርላንድ 59 ለ 16፣ በስኮትላንድ 45 ለ 17፣ በደቡብ አፍሪካ 49 ለ 18 ተሸንፈው ሮማኒያን ብቻ 45 ለ 24 አሸነፉ። ጉልበቱ አለ፣ ታክላቸው ሲያርፍ ስክሪኑ ፊት የተቀመጠ ሰው ሳይቀር ይሸማቀቃል። ሰማንያ ደቂቃ ሙሉ ተደራጅቶ መቆየቱ ላይ ነው ችግሩ።

ዚምባብዌ። ስለሷ ሳወራ ገለልተኛ መሆን አልችልም፣ አልሞክርም። ሐምሌ 2025 ላይ ካምፓላ ውስጥ ናሚቢያን 30 ለ 28 አሸንፋ ነው ያለፈችው። ናሚቢያ ከ1999 እስከ 2023 አንድም ዓለም ዋንጫ አምልጧት አያውቅም ነበር። ዚምባብዌ ዓለም ዋንጫ ላይ የታየችው በ1987 እና በ1991 ብቻ ነው፣ ስድስቱንም ጨዋታ ተሸንፋለች፣ የመጀመሪያውን ግን በሮማኒያ 21 ለ 20 ነው። አንድ ነጥብ! ከኢሲኤ የምትመጣ አንዲት ዚምባብዌያዊት አለች፣ ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ያለውን ጠረጴዛ ነው የምትይዘው፤ ዚምባብዌ ለሌላው ዓለም ምን ያህል ተጫዋች እንደሰጠች ስትቆጥር ክፍሉ በሙሉ ይሰማታል። ለደቡብ አፍሪካ ተጫውቶ የ2019ን ዋንጫ ያነሳው ቴንዳይ ምታዋሪራ ሐራሬ ነው የተወለደው። የአውስትራሊያው ዴቪድ ፖኮክ ግዌሩ። በ2007 ለአሜሪካ ተጫውቶ የደቡብ አፍሪካውን ፈጣን ሯጭ ብራያን ሃባናን በሩጫ ጥሎ ትራይ ያስቆጠረው ታኩድዝዋ ንግዌንያም የሐራሬ ልጅ ነው። «እነዚህ ሁሉ የኛን ማልያ ለብሰው ቢሆን ኖሮ አስቡት» ትላለች፣ እውነቷን ነው።

ለዚምባብዌ ትልቁ ዜና ግን ደንቡ ነው። ከየምድቡ ሁለት ሁለት ቡድን ያልፋል፣ ከስድስቱ ሦስተኛ ከሚወጡት ደግሞ የተሻሉት አራቱ ይጨመሩና 16 ቡድን ጥሎ ማለፍ ይገባል። ድል 4 ነጥብ፣ አቻ 2፣ አራት ትራይ ያስቆጠረ ተጨማሪ 1፣ በ7 ወይም ከዚያ ባነሰ ልዩነት የተሸነፈም 1 ያገኛል። ጋሼ ይሄን ሰሌዳው ላይ ሲያሰሉ ቆይተው የደረሱበት መልስ ቀላል ነው፦ ቶንጋና ዚምባብዌ የሚገናኙበት ጨዋታ የዚህ ምድብ ፍጻሜ ነው። ያሸነፈ 4 ነጥብ ይይዛል፣ በአራት ትራይ ካሸነፈ 5፣ ያ ደግሞ ከስድስት ሦስተኞች አራቱ ውስጥ ለመግባት ትልቅ ተስፋ ነው። በ2023 ስኮትላንድ ሁለት ሰፊ ድል ይዛ ሦስተኛ ስለወጣች ብቻ ወደ ቤቷ ሄደች፣ በአሁኑ ደንብ ቢሆን አትሄድም ነበር። ስለዚህ ዚምባብዌ ከእንግሊዝ ጋር ስትጫወት ዋና ዋና ልጆቿን ማሳረፍ አለባት የሚል ሐሳብ ቤቱ ውስጥ አለ። እኔ አልስማማም። ሠላሳ ስድስት ዓመት ጠብቆ ዓለም ዋንጫ የገባ ሀገር እንግሊዝ ፊት ሲቆም ያለውን ምርጥ ይዞ መቆም አለበት፣ ሕዝቡ ለዚያ ነው የሚያየው። ቶንጋ ታሸንፋለች ብዬ እፈራለሁ፣ ስክረሟ ከበድ ይላል። ግን ናሚቢያን በሁለት ነጥብ ልዩነት ይዞ የጨረሰ ቡድን ጨዋታው ጠብቦ ሲመጣ አይደነግጥም፣ ለዚህ ነው ተስፋ የማልቆርጠው።

ወደ ቤቱ ልመለስ፣ ምግቡን ሳልነግራችሁ። ሽሮ ተጋቢኖው ጥሩ ነው፣ እየፈላ ነው የሚመጣው። ጥብሱ እንደ ቀኑ ነው፣ አንዳንዴ ለስላሳ፣ አንዳንዴ ማኘክ ያደክማል። እኔ የማዘው ቋንጣውን ነው፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ራግቢ ሲታይ ቢልቶንግ የሚሉትን ደረቅ ሥጋ ከቢራ ጋር ይበላሉ፣ ጋሼም ያንን ልማድ በእኛው ቋንጣ ተክተውታል፣ በትንሽ ሳህን ከሚጥሚጣ ጋር ይቀርባል። ቡናው ጥሩ፣ ማኪያቶው እንደ ማንኛውም ቤት። ዋጋው ከአካባቢው ብዙ አይለይም፣ በቴሌብር መክፈል ይቻላል። መግቢያ የለም፤ ትልቅ ጨዋታ ሲኖር ብቻ ወንበር ለማስያዝ 100 ብር ትሰጣላችሁ፣ ከሒሳባችሁ ላይ ይቀነሳል።

የማይመቹኝን ልናገር። ወጥ ቤቱ ጠባብ ነው፣ እረፍት ላይ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ስለሚያዝ ምግቡ የሚደርሰው ሁለተኛው አጋማሽ ከገፋ በኋላ ነው። ሠላሳኛው ደቂቃ ላይ እዘዙ። የምታስተናግደው ልጅ ጎበዝ ናት፣ ፈገግታዋ አይጠፋም፣ ግን ለዚያ ሁሉ ሰው አንድ ሰው አይበቃም፣ ጋሼ ይሄን በግልጽ ነግረናቸዋል፣ ሰው እንጨምራለን ብለዋል። መጸዳጃው አንድ ነው፣ ንጹሕ ነው ግን ሰልፍ አለው። በረንዳ ላይ የሚያጨሱ ሰዎች በሩን ክፍት ሲተውት ጭሱ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ልጅ ይዞ የሚመጣ ሰው በስተግራ ያለውን ጥግ ይምረጥ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ እስኪነሳና ዲኮደሩ እስኪከፈት ደቂቃዎች ይሄዳሉ፣ ራግቢ ውስጥ ደግሞ በዚያ ጊዜ ሁለት ትራይ ሊያልፋችሁ ይችላል። ለዲኮደሩ ብቻ ባትሪ ቢገዙ ይሄ ይፈታል።

ለ2027 ግን ይሄ ቤት ከአሁኑ የተሻለ እንደሚሆን እርግጠኛ ነኝ፣ ምክንያቱ ሰዓቱ ነው። ውድድሩ መስከረም 20 ቀን 2020 ፐርዝ ላይ ይጀመራል፣ ፍጻሜው ኅዳር 3 ሲድኒ ላይ ነው። ሲድኒ ላይ ምሽት 2 ሰዓት የሚጀመር ጨዋታ እዚህ ቀን 6 ሰዓት ነው፣ ፐርዝ ላይ ምሽት 2 ሰዓት የሚጀመር ቀን 9 ሰዓት። በሌሊት ታክሲ ፍለጋ የለም። የሲድኒዎቹ የእንግሊዝ እግር ኳስ ከመጀመሩ በፊት ስለሚያልቁ ከኳስ አፍቃሪው ጋርም መነታረክ ይቀንሳል። ቀደም ብለው የሚጀመሩት ደግሞ እዚህ ጠዋት ናቸው፣ ጋሼ ቁርስ ሊጀምሩ አስበዋል፣ ጨጨብሳና ፉል። የመክፈቻው ዕለት ዓርብ ስለሆነ የጾም ነገር በደንብ ይዘጋጅ ብለናል። ሙሉ ውድድሩ የነቢያት ጾም ሳይገባ ያልቃል።

እስከዚያ ድረስ ምድብ ኤፍን የምትመረምሩበት የመጀመሪያ ዕድል ጥር 30 ቀን 2018 ቅዳሜ ነው፤ ስድስቱ ሀገራት ላይ እንግሊዝ ዌልስን ትዊክነም ላይ ትገጥማለች፣ በኛ ምሽት 1፡40። የዌልስን መከላከል እዩ፣ በተለይ ተጋጣሚ ኳሱን ከሜዳው አንድ ዳር ወደ ሌላው ዳር በፍጥነት ሲያዞር ዳር ላይ የቆመው ተከላካይ ምን እንደሚያደርግ። ወደ ውስጥ ከተሳበ ቶንጋም ያንኑ ክፍተት ታገኛለች። ወንበር በዋዜማው አስይዙ፣ አለበለዚያ 12 ሰዓት ላይ ድረሱ። ከየካቲት 9 ጀምሮ ዐቢይ ጾም ስለሆነ ቀሪዎቹን የስድስቱ ሀገራት ጨዋታዎች በሽሮና በበያይነቱ ነው የምናያቸው፤ በያይነቱውን ገና አልቀመስኩትም፣ ሽሮውን ግን ለማንም እመክራለሁ።